ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው እኛ ከፈረቃ ስንወጣ ነው

የቂርያት ጋት ሠራተኛ ተማሪዎች ጥያቄና የእኛ አቋም



“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ አባቶቻችን። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ቀን በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና የሚሠራ፣ ማታ በሚክላላ የሚማር ወጣት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ስኮላርሺፕ ነው የሚሉ አሉ። ምክር ነው የሚሉ አሉ። ስብሰባ ጠርተው “በርቱ፣ ተማሩ፣ ከማንም አታንሱም” ብለው ንግግር የሚያደርጉም ሞልተዋል። ስኮላርሺፕ አንጠላም፣ ምክርም አንንቅም። ነገር ግን የክፍያው ደረሰኝ ተቆርጦ፣ ምዝገባው አልቆ፣ መምህሩ የመጽሐፉን ስም በሰሌዳው ላይ ጽፎ ከወጣ በኋላ ተማሪው ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሚበራ መብራት፣ መጽሐፉ ያለበት መደርደሪያና ጠይቆት የሚመልስለት ሰው ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠራ ቤተ መጻሕፍት ይባላል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው። አንዳንዱ አንባቢ “በዚህ ዘመን ስንት ችግር እያለብን ስለ መጽሐፍ መደርደሪያ ትጽፋላችሁ?” ሊለን ይችላል። አዎን እንጽፋለን። ምክንያቱም በዚህ መደርደሪያና በልጆቻችን ደመወዝ መካከል ቀጥተኛ መስመር አለ። መስመሩን እናሳያችኋለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጠናው ያስተማረን ትምህርት

ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ መጤዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእኛ በፊት ከሞሮኮና ከሌሎች አገሮች የመጡ ወገኖች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ኖረው አቀኑአት። እንጀራቸውም ፋብሪካ ነበር፤ የሱጋት የስኳር ፋብሪካ፣ የፖልጋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። በተለይ ፖልጋት ለብዙ ዓመታት የከተማዋ እናት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባት እዚያ ይሠራል፣ እናት እዚያ ትሰፋለች፣ ልጁም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርስ እዚያው ይቀጠራል።

ከዚያስ ምን ሆነ? ስፌቱ ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ወደ ሌላ አገር ሄደ። ፖልጋትም በ2000ዎቹ ዓመታት ተዘጋ። ፋብሪካ ሲዘጋ ማንንም አያማክርም። ሃያ ዓመት በመኪና ላይ አጎንብሳ የሰፋች እናት እጇ ላይ የቀረው የጀርባ ሕመም እንጂ ዲፕሎማ አልነበረም። በእጁ የሙያ ወረቀት የያዘው ግን ሌላ በር አንኳኩቶ ገባ። ቀጠናው ለሁላችን የሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ፋብሪካ መጣ። ኢንቴል በ1996 ግንባታ ጀምሮ በ1999 ማምረት ጀመረ፤ ሁለተኛውን ትልቅ ፋብሪካ በ2008 አስከተለ። እዚህ ጨርቅ አይሰፋም፤ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ መስመር የኮምፒውተር ቺፕ ይሠራል። እዚህ የሚፈለገው ኢንጂነር፣ ሃንደሳይና ቴክናይ ነው። ኢንጂነርም ሃንደሳይም ቴክናይም ያልሆነ ሰው ወደዚህ ግቢ የሚገባበት መንገድ ቢኖር በቀብላን (በሥራ ተቋራጭ) በኩል ነው፤ መጥረጊያ ይዞ፣ ወይም የጥበቃ ልብስ ለብሶ።

እኛ ደግሞ የመጣነው መቼ ነው? በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነን፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው፤ በመጨረሻም ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ። ማለትም አሮጌው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል፣ አዲሱም ሊከፈት ሲል ደረስን። ወጣቶቻችን በብዛት ወደ ፕኒሚያ ተላኩ፤ እዚያም ብዙዎቹ ወደ ሙያ ክፍል ተመሩ፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ሙሉ ባግሩት ይዘው የወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ከሠራዊት ሲመለሱ የሃንደሳይ ትምህርት ለብዙዎቹ እውነተኛው መሰላል ሆነ። በማሃት፣ ማለትም የሥራ ጉዳይን በያዘው ሚኒስቴር ሥር ባለው የቴክኖሎጂ ማሠልጠኛ ተቋም ቁጥጥር የሚሰጥ፣ በመንግሥት ፈተናና በመጨረሻ ፕሮጀክት የሚደመደም ዲፕሎማ ነው። ኤሌክትሮኒክስ፣ መካኒካ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሶፍትዌር፣ ኬሚያ፣ የፋብሪካ አስተዳደር። በቀጠናው ውስጥ መጥረጊያውን አስቀምጦ መሣሪያውን ለመያዝ የሚያስችለው ወረቀት ይህ ነው።

እንግዲህ መስመሩ ይኸው። ቤተ መጻሕፍት ከሌለ ፈተናው አይታለፍም፤ ፈተናው ካልታለፈ ዲፕሎማ የለም፤ ዲፕሎማ ከሌለ ቀብላን አለ።

ሠራተኛው ተማሪ ሃያ አራቱን ሰዓት ሲያካፍል

በቀጠናው ፋብሪካዎች የስምንት ሰዓትም የአሥራ ሁለት ሰዓትም ፈረቃ አለ። የማለዳው ፈረቃ ተማሪ ከሥራ ወጥቶ በአውቶቡስ ወይም በባቡር ወደ ትምህርቱ ይገሰግሳል። ትምህርቱ ሲያበቃ የሚክላላው ቤተ መጻሕፍት ተዘግቷል። የሌሊት ፈረቃው ተማሪ ጧት ወጥቶ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ልጆቹን ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) ማምጣት አለበት። ዓርብ ግማሽ ቀን ነው፤ ሰንበት ሰንበት ነው። እስቲ ቁጠሩልን፤ ይህ ሰው መጽሐፍ የሚከፍተው መቼ ነው? የትስ ተቀምጦ?

ቤት ነው እንዳትሉን። በሦስት ክፍል ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት መጥቶ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ደግሞ ዘመድ ከሐይፋና ከነታንያ መጥቶ ባደረበት ቤት፣ የሦስት ፌዝ ሞተር ስሌት እንዴት ይሠራል? ቤታችን ሰው የሚገባበት ቤት በመሆኑ አናፍርም። ነገር ግን ጎጆው ለእንግዳ እንጂ ለፈተና ዝግጅት አልተሠራም።

ከመካከላችን በማታ የተማርን አለን። አንዱን ተቋም በስሙ አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም ብቻ አይደለምና። እዚያ “ቤተ መጻሕፍት” የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ነበረ። ውስጡ አራት ጠረጴዛ፣ የቆዩ መጻሕፍት የተደረደሩበት አንድ ግድግዳና የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነበር። ለትምህርቱ የሚያስፈልገው መጽሐፍ በቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ የቁልፉ ባለቤት ግን እኛ ከመድረሳችን በፊት ወደ ቤቷ ሄዳለች። እርሷም ጥፋት የለባትም፤ ለግማሽ ቀን ነው የተቀጠረችው። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚባለው ይህ ነው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ “ለተማሪዎች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይሰጣል” ተብሎ ሲጻፍ ግን ቃሉ ውሸት አልነበረም። አገልግሎቱ ነበረ፤ ለቀን ተማሪ።

ከጥቅምት 2023 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለሚሉኢም ተጠርተው ለሳምንታትና ለወራት ከክፍል ጠፉ። ያመለጠውን ትምህርት በሌሊት የሚያካክሰው ወታደር ተማሪ ከማንም በላይ ክፍት በር ያስፈልገዋል። “እናመሰግናለን” የሚል ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ክፍት በር ግን ከደብዳቤ ይበልጣል።

የምንሰማቸው አራት መልሶች

ይህን ጥያቄ ባነሣን ቁጥር የሚሰጡን መልሶች አራት ናቸው። አንድ በአንድ እንመልስላቸው።

የመጀመሪያው፦ “ዛሬ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ላይ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ያለፈበት ነገር ነው።” ይህን የሚሉን ሰዎች የራሳቸውን ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልኩ ቤተ መጻሕፍት የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ አይመርጡም። በኢንተርኔት ላይ ብዙ ነገር አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጠቃሚው የቴክኒክ መጽሔት፣ የደረጃዎች ሰነድና የዘመኑ መጽሐፍ በክፍያ ነው የሚከፈተው። ይህን ዩኒቨርሲቲዎቹ ስለሚያውቁ ከ1998 ጀምሮ ማልማድ በሚባል የጋራ ማዕከል አማካይነት ተባብረው የመረጃ ቋቶችን ይገዛሉ። እንጠይቃለን፤ የማታ ሃንደሳይ ተማሪ በዚህ ግዢ ውስጥ የት ነው ያለው? የእርሱ የይለፍ ቃል የትኛውን በር ይከፍታል? ደግሞስ የስልክ መስታወት ላይ የኤሌክትሪክ ሰርኩዊት ሥዕል ያነበበ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን። ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለው ደግሞ ሁሉም አይደለም። ዛሬ ጥያቄ ሲጠየቅ በአፍታ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጥቷል፤ መልሱ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚለየው ግን መጽሐፉን ያነበበ ተማሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ “ብንከፍትም ሰው አይመጣም።” ይህ ሱቁን ለሊት ብቻ ከፍቶ “ገበያተኛ የለም” እንደሚል ነጋዴ ነው። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ቆጥራችሁ “የኢትዮጵያ ተወላጅ አንባቢ አላየንም” ትላላችሁ። በዚያ ሰዓት እርሱ በፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እናንተ የምትጠቀሙበትን ዕቃ እየሠራ ነው። ሰዓታችሁን ወደ እርሱ አምጡና ያን ጊዜ ቁጠሩ።

ሦስተኛው፦ “ማኅበረሰባችሁ የቃል ባህል ያለው ነው፤ የማንበብ ልማድ የለውም።” ይህ መልስ ለስላሳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስድብ ነው። ኦሪታችንን በብራና ላይ በግዕዝ በእጃቸው ጽፈው ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ቄሶቻችንና መነኮሳቶቻችን እነማን ነበሩ? መጽሐፍ ሲያልቅ እንደገና የሚገለብጥ፣ ከእሳት ሲያተርፍም መጽሐፉን ከንብረቱ አስቀድሞ የሚያወጣ ሕዝብ አንባቢ አይደለም ይባላል? በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታምራት አማኑኤል ወደ አውሮፓ ሄደው ተምረው ተመልሰው በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መርተዋል። በ1979 በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ዘማቾቹ እስከ ገጠር መንደር ዘልቀው፣ ያረሰ ገበሬና ውኃ የቀዳች እናት ማታ ማታ ፊደል ቆጥረዋል። ያ ዘመቻ በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ ነው። ሥርዓቱን የምንወቅስበት ብዙ ነገር አለን፤ ነገር ግን አንድ ነገር አሳይቶናል፤ ትምህርቱ ወደ ሠራተኛው ሰዓትና ወደ ሠራተኛው መንደር ሲመጣ ሕዝባችን ይማራል። የጎደለው ልማድ ሳይሆን የተመቸ ሰዓት ነው።

አራተኛው፦ “በጀት የለም።” ይህን መልስ በቂርያት ጋት መስማት በተለይ ያስገርማል። መንግሥት ለኢንቴል የመጀመሪያ ትልቅ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ ሰጠ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በዚሁ ከተማ ለሚደረግ የ25 ቢሊዮን ዶላር ኢንቨስትመንት የ3.2 ቢሊዮን ዶላር እርዳታ መፈቀዱ ይፋ ሆነ፤ በ2024 የማስፋፊያው ሥራ መቀዝቀዙ ቢነገርም። ፋብሪካ መምጣቱን አንቃወምም፤ እንጀራችን ነውና። ነገር ግን በቢሊዮን ለሚቆጠር ዶላር እጁ የተፈታ መንግሥት፣ የአንድ የንባብ ክፍል የማታ ሠራተኛ ደመወዝ ሲጠየቅ “የለኝም” ቢል ማን ያምነዋል? “ለአካባቢው ሕዝብ የሥራ ዕድል ለመፍጠር” ነው እርዳታው የተሰጠው። ጥሩ። የአካባቢው ሕዝብ ሥራውን እንዲይዝ የሚያበቃው ትምህርት የዚያው ወጪ አካል መሆን አለበት።

ሕጉስ?

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። በ1975 ክኔሴት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግን አውጥቷል። መንግሥት ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ እንዲሰጥ፣ አገልግሎቱም በአካባቢ አስተዳደሮች በኩል ለነዋሪው እንዲደርስ የታሰበበት ሕግ ነው። ሕጉ ነዋሪ ሲል የማለዳ ፈረቃ ነዋሪና የሌሊት ፈረቃ ነዋሪ ብሎ አልለየም። በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ ደግሞ ተማሪዎች ማኅበር መርጠው እንዲደራጁ መብት ይሰጣል። እንግዲህ ሕጉ አለ። የጎደለው ሕጉን አንሥቶ በሹሙ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ እጅ ነው።

ከሩቅ የምናየው

ወገኖቻችን በአሜሪካ እንዴት ይማራሉ? በሜሪላንድ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያም በኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሌሊት ታክሲ እየነዱ፣ በሆቴልና በፓርኪንግ እየሠሩ ተምረው ነርስ፣ አካውንታንትና የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነዋል። እነርሱ ከእኛ ይበልጥ ጎበዞች ስለሆኑ አይደለም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ነገር ለሠራተኛም የሚመች ትምህርት ቤት ነው፤ የመጀመሪያው በ1901 በኢሊኖይ ጆሊየት ከተማ ተከፈተ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ለሠራተኛ ተማሪ የታሰበ ነው። በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ውድ የሆነው የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ከክፍሉ ሳይወጣ ለሁለት ሰዓት ይዋሳል፤ ስለዚህ መግዛት ያልቻለ ተማሪም ከገዛው ጋር እኩል ያነብባል። ላፕቶፕ ይዋሳል። ከሁሉም በላይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባለሙያ አለ፤ “ይህን ርዕስ ተሰጥቶኝ ከየት ልጀምር?” ሲሉት ከጎን ተቀምጦ የሚያሳይ።

የዚህን ባለሙያ ዋጋ ማቃለል አይገባም። የሌላው ተማሪ አጎት ኢንጂነር ነው፤ ሰንበት ማታ ስልክ ደውሎ ይጠይቀዋል። የእኛ ልጅ አጎት ገበሬ ነበረ፤ ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ ምርቃት እንጂ ስሌት አይሰጠውም። ስለዚህ ለእኛ ልጅ ኢንጂነር አጎቱ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። እርሱን በግማሽ ቀን ደመወዝ ቀጥሮ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መላክ የልጁን አጎት መንሣት ነው።

አገር ቤትስ? አዲስ አበባ በ1944 ወመዘክርን አቋቁማለች። በጥር 1 ቀን 2022 ደግሞ በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ፤ በአንድ ጊዜ ወደ 2,000 አንባቢ የሚያስተናግድ ሕንፃ ነው። “ኋላ ቀር” የምትባለው አገር ለተማሪዎቿ ይህን ስትሠራ፣ ኢየሩሳሌምም በ2023 አዲሱን የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ስትከፍት፣ በቺፕ ፋብሪካዋ ዓለም የሚያውቃት ቂርያት ጋት ለሠራተኛ ተማሪዋ አንድ የማታ ክፍል መብራት ይከብዳታል?

አንድ ገጽ ወረቀት የሚሠራው ሥራ

ስለ ቋንቋም እንናገር። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ነው የተማረው። ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ ሬዚስታንስ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የኦም ሕግን በልቡ ይዞታል። እዚህ ክፍል ሲገባ ግን “ሜታኽ፣ ዜሬም፣ ሂትናግዱት” ይባላል። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቀው ሆኖ ይቀመጣል፤ መምህሩም “ደካማ ነው” ብሎ ይመዘግበዋል። ደካማው ተማሪው አይደለም። በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ የተዘጋጀ የአንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር በእጁ ቢሰጠው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይቆማል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ማባዛትና በመደርደሪያ ማስቀመጥ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው።

ስለ አማርኛ መጻሕፍት ስንጠይቅም “ናፍቆት ነው” ይሉናል። ናፍቆትም ቢሆን ነውር የለውም፤ የሩሲያ ወገኖቻችን በየከተማው የሩሲያኛ መደርደሪያ ሲኖራቸው ማንም ናፍቆት አላለውም። ነገር ግን ከ2020 ወዲህ የመጣው ወጣት የመዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ የሚያስፈልገው ዕብራይስጡን በፍጥነት ለመያዝ ነው። በሚያውቀው ቋንቋ መሰላል ካልተሰጠው ወደማያውቀው ቋንቋ አይወጣም።

ጥያቄዎቻችን

ለከተማው አስተዳደር፣ ለማሃት፣ ለሚክላላዎቹና ለቀጠናው ፋብሪካዎች የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

1. ሠራተኛ ተማሪዎች ያሉበት የሚክላላ ቤተ መጻሕፍት ከማታው ትምህርት መጨረሻ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክፍት ይሁን፤ በፈተና ወራት ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት።

2. በኢንዱስትሪው ቀጠና ውስጥ ወይም በአጠገቡ የንባብ ክፍል ይከፈት። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ኢንተርኔት ይኑረው፤ ክፍሉም እንደ ማማድ የተጠበቀ ይሁን፤ የሮኬት ድምፅ በዚህ ከተማ እንግዳ አይደለምና። ወጪውን ከመንግሥት እርዳታ የተቀበሉ ፋብሪካዎች ከከተማው ጋር ይካፈሉ።

3. ለእያንዳንዱ ትምህርት የተመደበው መጽሐፍ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ከክፍሉ ሳይወጣ በሰዓት እንዲዋስ ይደረግ። የተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቅር።

4. ያለፉት ዓመታት የማሃት ፈተናዎችና የጥሩ የመጨረሻ ፕሮጀክቶች ቅጂ በመደርደሪያ ይቀመጥ። የፈተናው መልክ ለዘመድ ያለው ብቻ የሚያውቀው ምስጢር መሆን የለበትም።

5. ሃንደሳይ ተማሪዎች በክፍያ የሚከፈቱትን የመረጃ ቋቶች ከቤታቸው ሆነው እንዲጠቀሙ የይለፍ ቃል ይሰጣቸው። በአካባቢው ባሉ ትልልቅ ተቋማት፣ በቤርሼባው ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ገብተው የሚያነብቡበትና የሚዋሱበት የጋራ መታወቂያ ይዘጋጅ። ባቡሩ ከቂርያት ጋት ቤርሼባ ይደርሳል፤ መታወቂያውም ይድረስ።

6. በማታ ሰዓት የሚሠራ፣ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይቀጠር፤ ከእነርሱም መካከል አማርኛ የሚያውቅ ይኑር። በዚህ ሙያ የሚሠለጥኑ ወጣቶች ከማኅበረሰባችን አሉ፤ ፈልጉአቸው።

7. ሦስት ቋንቋ ያለው የሙያ ቃላት ዝርዝር ለየትምህርቱ ይዘጋጅ።

ከእኛ የሚጠበቀው

ጥያቄ ጽፎ መቀመጥ ብቻውን በር አይከፍትም። ስለዚህ፦

ተማሪዎች ሆይ፣ የቤተ መጻሕፍታችሁን የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ከትምህርታችሁና ከፈረቃችሁ ሰዓት ጋር አጠገብ ለአጠገብ በወረቀት ላይ ጻፉ። ያ ወረቀት ከአሥር ንግግር ይበልጣል። በር ተዘግቶ ባገኛችሁ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። ወደ ተማሪዎች ማኅበር ስትሄዱ “ተበድለናል” ብቻ አትበሉ፤ ወረቀቱን ዘርጉ። ለማኅበሩ ምርጫም እናንተው ተወዳደሩ፤ የማታ ተማሪ ያልተወከለበት ማኅበር የማታን ችግር አያውቅም።

ከሁሉ በላይ በ1998 የወጣውን የመረጃ ነፃነት ሕግ እንጠቀምበት። ይህ ሕግ ማንኛውም ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሚኒስቴርና ከከተማ አስተዳደር መረጃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ምክንያቱን እንኳ መግለጽ አያስፈልገውም። መሥሪያ ቤቱም በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ለሃንደሳይ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ስንት ሼክል ወጣ? ለከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትስ? ለአማርኛ መጻሕፍትስ? የማታ ሠራተኞች ስንት ናቸው? ሹሙ በቃል “በጀት የለም” ሲል ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ በጽሑፍ ሲመልስ ግን ቁጥር ማስቀመጥ አለበት። ቁጥሩ በእጃችን ሲገባ በዚህ ጋዜጣ በአማርኛም በዕብራይስጥም እናወጣዋለን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሥራ በኋላ ወደ ንባብ ሲሄድ “ዘመድ መጥቶ ጥሎን ሄደ” አትበሉት። ቡናው ነገም ይፈላል። እናንተ በዘመናችሁ ለልጅ ትምህርት ስትሉ በሱዳን በረሃ የተጓዛችሁ ሰዎች ናችሁ፤ የአንድ ማታ ጸጥታ መስጠት አይከብዳችሁም።

ማሰሪያ

በፖልጋት ዘመን ለአዲስ መጤው የተሰጠው የስፌት መኪና ነበር፤ መጽሐፍ አልነበረም፤ ፋብሪካው ሲዘጋም መኪናው ከፋብሪካው ጋር ሄደ። ዛሬም ለእኛ ወጣት መጥረጊያው ቶሎ ይሰጣል፤ መጽሐፉ ግን በቁም ሣጥን ይቆለፋል። ይህን ልዩነት ማንም በሕግ አልጻፈውም። በሰዓት ሠሌዳ ላይ ግን ተጽፏል፤ “ክፍት የምንሆነው እስከዚህ ሰዓት ነው” በሚለው ትንሽ ወረቀት ላይ። ይህች ትንሽ ወረቀት ማን ኢንጂነር እንደሚሆን፣ ማንስ የኢንጂነሩን ቢሮ እንደሚያጸዳ ትወስናለች። ማጽዳት ነውር አይደለም፤ እናቶቻችን በእርሱ አሳድገውናል። ነውሩ ሌላ ምርጫ እንዳይኖር በሩን መዝጋት ነው።

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ብለው ያሳደጉን አባቶች ዛሬ ቢጠይቁን “ለመማር ፈልገን በሩ ተዘግቶ ነበር” ብለን አንመልስላቸውም። እስኪከፈት ድረስ እናንኳኳለን። የሰዓት ሠሌዳችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አትመን ለሚመለከታቸው ሁሉ እናደርሳለን።